በሠንጠረዡ ያልገባ

ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣
ጅማ ዞን፣ የሁለተኛው ሩብ ዓመት።
ዕቅድ፣ ክንውን፣ መቶኛ፤
ሦስት ዓምድ ነው የላካችሁ፣ አጣሁበት አራተኛ።
ሞልቼዋለሁ በሰማያዊ ቀለም፤
ያልሆነ አንድም አልጻፍኩም፣
የሆነው ግን ሁሉ እዚያ የለም።

ኩፍኝ፦ ዕቅድ ስልሳ አራት፣ ክንውን ስልሳ ሦስት።
መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን፣ በረዶው ማላብ ሲጀምር፣
ሳጥኑን አንግቤ ሮጥኩ ወደ አባ ዲጋ ሱቅ በር።
ጄኔሬተር ያለው እሱ ነው። ፍሪጁ በለስላሳ ሞልቶ፣
አንድ በአንድ ጠርሙሱን አወጣ፣ ደረደረው ለፀሐይ ትቶ።
«ሙቅ ለስላሳ ማን ይገዛል?» አለና አንዱን ከፍቶ ጠጣ፤
ስልሳ ሦስት ልጅ ከኩፍኝ በዚያ ሰው ኪሳራ ወጣ።
አንዷ የቀረችው የት ናት?
ለቀማ ነው፤ ወላጆቿ በሩን በገመድ አስረውት
ወደ ጌራ ተሻግረዋል።
አድራሻ፦ ቡና የቀላበት።

ክብደት፦ ሚዛናችን ገመዱ ከተበጠሰ አራት ወሩ፤
ሦስት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፣ መልሳችሁ «ይላካል» ነው፣ አጭሩ።
እስከዚያው በቡና ሰብሳቢው ሚዛን፣ በነጠላ እንደ ስንቅ
ቋጥሬ አንጠለጥላቸዋለሁ። የነዚፍ አፍ አያርፍ ከሳቅ፦
«እሸት ነው ወይስ ጀንፈል? እርጥበቱ በዛ» ይላል፤
ይኼኔ ልጁ ሚዛኑ ላይ፣ ጨዋታው እንደገባው፣ ይሸናል።

መድን፦ አባወራ መቶ ዘጠና፣ የከፈለ መቶ ሰባ።
ካልከፈሉት አንዱ አባ ፎጊ ነው፤ ሦስተኛ ግቢው ስገባ፣
«አምና ከፈልኩ፣ አልታመምኩም፤ ገንዘቤን መልሺልኝ፤
ላልበላሁት ምሳ ደግሞ ሒሳብ ክፈል ትይኛለሽ?» አለኝ።

ኅዳር ሃያ አንድ፣ ሌሊት፣ መስኮቴን ደበደበ ሰው።
እሱ ነው። ቃል አልወጣውም፤ እጁን አየሁት፣ ደም ነው።
ሚስቱ ሸምሲያ ምጥ ላይ ናት። ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጣሁ፤
«ጅማ ነኝ» አለኝ ሾፌሩ፣ «ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ እመጣለሁ፤
መኪና ከድልድዩ አያልፍም፣ እስከዚያ እናንተ አውርዷት።»

ስምንት ትከሻ፣ አንድ ቃሬዛ።
ከስምንቱ ሁለቱ እንግዶች፣ ለለቀማ የመጡ፤
ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።
እኔ ከፊት በስልክ መብራት «ድንጋይ!» «ዳጥ!» እያልኩ፤
አባ ፎጊ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ «እኔስ ምን ልሥራ?» ሲል፣
«ዝም ብለህ ያዝ» አልኩ።
ድልድዩ ላይ፣ የመኪናው በር ሊዘጋ ሲል፣
ከእንግዶቹ አንዱ የሳምንት ሒሳቡን
ሳይቆጥር አባ ፎጊ ኪስ ከተተ።
ይህን የት ዓምድ ላግባው?
«ሪፈር፦ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

ጅማ ሆስፒታል፣ ግድግዳው ላይ «ወሊድ በነፃ ነው» ይላል።
እውነት ነው። አልጋው ነፃ ነው፣ ቀዶ ጥገናው ነፃ ነው፣
ዓይኑ የቀላው ተማሪ ሐኪም፣ ቆሞ ያነጋው፣ ነፃ ነው፤
አንድ መርፌ ግን መጋዘን የለም፤ «ከውጭ ግዙ» ተባልን።
በዚያ ሰው ብር ገዛን።
በሕይወት ናቸው፤ ሁለቱም።

ታኅሣሥ ሊያልቅ አባ ፎጊ መጣ። ብሩን ሁለቴ ቆጠረ፤
«ይኸው ከፈልኩ፤ አላህ ያክስረኝ» አለ፣
ደረሰኙን አጥፎ ቆቡ ሥር ቀበረ።
ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ሳስበው፣
በመድን ላይ ከተሰጠን ሥልጠና ሁሉ ይበልጥብኛል፤
ሰው ከፍሎ እንዲከስር ሲጸልይ የት ይገኛል?

ስለዚህ መቶ ሰባው መቶ ሰባ አንድ ሆኗል፤
ዘጠና በመቶ፤ ለስርዝ ድልዙ ይቅርታ።
ገመዱን ግን እስከ ሐሙስ ላኩት።
የሸምሲያ ልጅ ትመዘናለች።

ዙልፋ፣ ከጎሮ ዲንቃ ጤና ኬላ።